ወደ አፋር ሰው ለምትመድቡ ሁሉ

ይድረስ፦ በየፌዴራል መሥሪያ ቤቱ የምደባና የዝውውር ደብዳቤ ለምትፈርሙ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ አፋርን የቅጣት ቦታ ማድረግን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ይህ የዝውውር ጥያቄ አለመሆኑን ከወዲሁ ላስታውቅ። ከአፋር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሠራተኛ ደብዳቤ ሁሉ "አውጡኝ" የሚል ስለሚመስላችሁ፣ ገና ከየት እንደመጣ አይታችሁ ወደ መዝገብ ቤት እንዳትመልሱት ብዬ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደጋ ነው፤ ቤቴም ሥራዬም ሰመራ ነው፤ ከዚህ መውጣትም አልፈልግም። የምፈልገው ወደዚህ የምትልኳቸው ሰዎች እንዲቆዩ ነው። እንዳይቆዩ የሚያደርጋቸው ደግሞ በአብዛኛው ሙቀቱ ሳይሆን የእናንተ አላላክ ነው እላለሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው መመሪያ አለ። አለቃውን የተቃወመ፣ ወገን የሌለው፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ወይም ግምገማ ላይ ደፍሮ የተናገረ ሰው በምደባ ዝርዝሩ ላይ አፋር ይደርሰዋል። "ተጠንቀቅ፣ ሰመራ እንዳትላክ!" የሚለው ቀልድ በሻይ ሰዓት ይጀመርና ከጥቂት ወራት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሆኖ ይመጣል። ተመዳቢው ደብዳቤውን ሲቀበል የሥራ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ያጽናኑታል። "አይዞህ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት፤ ደግሞም የበረሃ አበሉ አለ" ይሉታል። ኃላፊውም ደግ የሠራ መስሎት ያንኑ ይደግምለታል። ሰውዬው ገና አዋሽን ሳይሻገር ሥራው ማገልገል መሆኑ ቀርቶ ጊዜ መቁጠር ሆኗል።

እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ኑሮውን የሚያደራጀው ለመሄድ እንዲመቸው ነው። ቤተሰቡን አያመጣም። ፍራሽ፣ ጀሪካንና ቬንትሌተር ይገዛል፤ አልጋ ለመግዛት ግን ያመነታል። ለሁለት ዓመት ብሎ ማን ቋንቋ ይማራል? ቅዳሜና እሑድን ሎግያ ወርዶ ከደገኛ ጓደኞቹ ጋር ስለ ዝውውር ሲያወራ ይውላል። ወደ ወረዳ መውጣት ሲኖርበት ከመኪና ብዙ ሳይርቅ የሚያልቀውን ሥራ ይመርጣል። ለበዓል የሄደ እንደሆነ በዓሉ ካለፈ በኋላ የጥርስ ሕመም፣ የዘመድ ለቅሶ፣ የመታወቂያ ማሳደስ ይደራረብበታል። በመጨረሻም ማመልከቻው ላይ "ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር መግባባት ባለመቻሌ" የሚል ዓረፍተ ነገር ያክልበታል። እናንተም ታምኑታላችሁ፤ ስለ አፋር ከዚህ የተለየ ነገር ሰምታችሁ አታውቁምና።

አሁን ደግሞ ከዚህኛው ወገን ሆናችሁ ተመልከቱት። አንድ የጎሳ መሪ በአንድ የውሃ ጉድጓድ ጉዳይ የመንግሥት ሰው በመንግሥት ሰው ላይ ሲለዋወጥበት ያያል። የመጀመሪያው መጥቶ ይለካል፣ ስም ይመዘግባል፣ ቃል ይገባል። ሁለተኛው መጥቶ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ የቀደመው ሰው ምን ቃል እንደገባ አያውቅም፣ በርክክብ የተቀበለው ሰነድም የለም። ሦስተኛው ሲደርስ ሽማግሌው ያስቀምጡታል፣ ያጠጡታል፣ ያዳምጡታል፤ እሳቸው ግን አይናገሩም። ባለሙያው ተመልሶ "ኅብረተሰቡ ለፕሮጀክቱ ያለው ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው" ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች መደርደሪያችን ላይ ሞልተዋል። አንዳቸውም ላይ ግን "ከዚህ በፊት ስንት ሰው ልከን ስንቱን መለስን?" የሚል ጥያቄ አላየሁም።

ስለ አፋር ያላችሁ ሥዕል ከእናንተ የጀመረ አይደለም፤ አሮጌ ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. ለግብፁ ገዥ ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ወታደሮቹን ይዞ የአፋር ሱልጣን ግዛት ወደነበረችው አውሳ ገብቶ ተገደለ። ጦር ይዞ የመጣ ሰው በጦር መመታቱ በየትኛውም አገር የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ስለ አፋር ሲነገር ግን "እንግዳ አይወዱም" የሚል ማስረጃ ሆነ። በ1933 እና በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር አዋሽን ተከትሎ ወንዙ እስከሚያልቅበት አቤ ሐይቅ ድረስ ተጓዘ። ከዚያ ጉዞ ሰው የሚያስታውሰው ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ የታጠቀውን ገዳይ ብቻ ነው። የአውሳው ሱልጣን እንግዳውን አነጋግረው ማለፍ የፈቀዱለት መሆኑን፣ ያለዚያ ፈቃድም ሐይቁን ሊያይ እንደማይችል የሚያወራ ብዙም የለም። ባለአገሩን አስፈቅዶ መግባት ያን ጊዜም ይሠራ ነበር፤ አሁንም ይሠራል።

ቀጥሎ የመጣው ሥዕል ሙቀት ነው። ዳሎል ላይ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው መረጃ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው ይባላል። እውነት ነው። ዳሎል ግን ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ምድር ነው፤ ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ400 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ናት፤ በክልሉ ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ የቆመው ሙሳ ዓሊ ተራራ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ለእናንተ ግን ሁሉም "በረሃ" ነው። አሳይታ ያሉትን እርሻዎች፣ በአዋሽ ዳር ያሉትን ዛፎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ተመዳቢ ሁሉ በመገረም ፎቶ ያነሳል። ሙቀት የለም አልላችሁም። በሰኔ ቀትር ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ እኛ የምንቆፍራቸው አንዳንድ ጉድጓዶችም ከስሩ ሞቆ የሚወጣ ውሃ ስላላቸው በጋን ውስጥ አድሮ ካልቀዘቀዘ አይጠጣም። ቢሆንም ሙቀት የሚለመድበት ዘዴ አለው፦ ሥራ በማለዳ ይጀመራል፣ ቀትር ላይ ይታረፋል፣ ማታ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፣ አጎበር ይዘረጋል፣ ሽርጥ ይታጠቃል። ሱሪና ሹራብ ለብሶ የመጣ ሰው ሽርጥ ለመታጠቅ የሚፈጅበት ጊዜ ስለ ሰውዬው ብዙ ይናገራል።

ከዚያ የዜናው ሥዕል ይመጣል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ። ዓለም የጻፈው ስለ አውሮፕላኖቹ ነበር። የአፍዴራ አርብቶ አደር ጭንቀት ግን አመድ የለበሰው ግጦሽ ነበር፤ ፍየል አመድ የነካውን ቅጠል በልታ አትጠግብም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረው ወሬ ግን በአብዛኛው "ፎቃችን ተወዛወዘ" የሚል ነበር። ሁለቱም ጊዜ ስልክ ደውላችሁ "ደኅና ናችሁ ወይ?" ብላችሁ ስለጠየቃችሁን አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ የደወለ ግን አላስታውስም።

ስድቡን ብቻ እያነሣሁ እንዳይመስላችሁ ምስጋናውንም ልጥቀስ፤ እሱም ቢሆን ያስቸግረኛል። ሱልጣን አሊሚራህ ሀንፈሬ ተናገሩት የሚባለው፣ ግመሎቻችን እንኳ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ያውቃሉ የሚለው ቃል በየስብሰባው ይጠቀሳል። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሥልጣን ሁሉ ንግግሩን በእሱ ይከፍታል። አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ባለሥልጣኑ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ሱልጣኑ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ቃሉም ትልቅ ነው። ነገር ግን ሰዎችን በገዳይነት ከማየት ወደ ድንበር ጠባቂነት ማሸጋገር ብቻውን ማወቅ አይደለም። በሁለቱም ሥዕሎች ላይ አፋሩ ጊሌውን ታጥቆ ከግመሉ አጠገብ ቆሟል። ልጁን የት እንደሚያስተምር፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱን በምን መኪና ሐኪም ቤት እንደሚያደርስ በሁለቱም ሥዕል ውስጥ የለም። ምግባችሁ ውስጥ የምትጨምሩት ጨው በአብዛኛው ከአፍዴራ መምጣቱ፣ ከጂቡቲ ወደብ የሚመጣው ነዳጅና ስንዴም በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል የአፋርን ምድር አቋርጦ መድረሱም የለም።

ይህ ሁሉ የአስተያየት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ሰው የፈለገውን ያስብ። ነገር ግን ሥዕሉ በሥራችን ላይ ያደረሰው ጉዳት አለ፤ በእኔ ሙያ በኩል የማውቀውን ልንገራችሁ።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው አፋር ባዶ መሬት ነው። በአዋሽ ዳር ያለው ሣር በክረምት ሰው አይታይበትም፤ ስለዚህ ባለቤት የሌለው ይመስላል። የዚያ ሣር ባለቤት ግን በዚያን ጊዜ ከከብቶቹ ጋር ዝናብ የዘነበበት ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ ወንዙ ዳር ያለውን ለበጋ ቆጥቦታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በታችኛው አዋሽ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ የተወሰደው ይህ የበጋ ግጦሽ ነበር። በወረቀት ላይ ያልተያዘ መሬት ነው የተባለው። ከዚያም ፕሮሶፒስ መጣ። መሬት እንዳይሸረሸር፣ ጥላም እንዲሆን ታስቦ የተተከለው ይህ ዛፍ ዛሬ በአሚባራ፣ በገዋኔና በሌሎችም ቦታዎች ግጦሹን ውጦታል፤ እሾሁ የከብት እግር ይወጋል፤ ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን በየሄደበት ይበትነዋል። ያመጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ቦታውን ከሚያውቁት ጋር ተቀምጠው አልተነጋገሩም፤ ምናልባትም ምደባቸው ሁለት ዓመት ነበር።

በጉድጓድም እንዲሁ ነው። አዲስ ተመዳቢ ካርታ ዘርግቶ፣ የጂኦሎጂውን መረጃ አይቶ፣ ውሃ የሚወጣበትን ቦታ ይመርጣል። ሳይንሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ቦታው ግን ለድርቅ ጊዜ የተጠበቀ ግጦሽ መሀል ሊሆን ይችላል። ውሃ እዚያ ሲወጣ መንጋው ያለ ወቅቱ ይመጣል፣ ሣሩ በአንድ ዓመት ይጠፋል፣ የሁለት ጎሳ ወጣቶች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። "አፋሮች በውሃ ይጣላሉ" የሚለው ዜና ከዚህ ይወለዳል። ጉድጓዱን የቆፈረው ባለሙያ በዚያን ጊዜ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ደርሷል። የሚቆፈርበትን ቦታ በትክክል ለመምረጥ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሊነግሩህ ይገባል፤ እንዲነግሩህም ሊያምኑህ ይገባል፤ ለማመን ደግሞ ነገም እንደምትኖር ማየት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል፤ ቴሌቪዥንም "የአፋር ባህላዊ የዜና ማሠራጫ" ብሎ በደስታ ያቀርበዋል። ለመጤ ሰው ግን ዳጉ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው "ደኅና ነህ" ተባብለው አይለያዩም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው በተራ ይመልሳል፦ ሰላሙ፣ ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ ከብቱ፣ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደታመመ፣ ገበያው። ከዚያ ተራው ይቀየራል። በዓይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ ከማን እንደተሰማም ይነገራል፤ ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ይዋረዳል። ይህ ለጨዋታ አይደለም። መንጋህን ይዘህ ሦስት ቀን ተጉዘህ ሣሩ ካለቀበት ቦታ ብትደርስ ከብትህ ያልቃል፤ የሰማኸው ወሬ እውነት መሆን አለበት።

አሁን ደገኛው ባለሙያ ሲመጣ አስቡት። የመንግሥት መኪናው አቧራ አስነሥቶ ይቆማል። መስኮቱን በግማሽ ዝቅ አድርጎ "የቀበሌው ሊቀ መንበር የት አለ?" ይላል። ሲነገረው ይሄዳል። እሱ ጊዜ መቆጠቡ ነው። ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ያዩት ግን ከየት እንደመጣ ሳይናገር፣ በመንገዱ ላይ ያየውን ሳያካፍል፣ ወሬ ወስዶ ወሬ ሳይሰጥ የሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኛስ ደጋ ላይ ምን እንለው ነበር? ቀጣዩ መንደር ሳይደርስ አኳኋኑ ቀድሞት ይደርሳል። እዚያም ሊቀ መንበሩን ያጣል፤ "ከብት ሊያይ ሄዷል" ይባላል።

ወርዶ የተቀመጠ ሰው ግን በአፋርኛ አንድ ቃል ባይችል እንኳ ይስተናገዳል። አስተርጓሚው እስኪመጣ የግመል ወተት ይቀርብለታል። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና እንግዳው ጾመኛ ከሆነ ነገሩ የሚከብድ ይመስለዋል፤ "እጾማለሁ" ሲል ግን ወተቱ ያለ አንዳች ቅሬታ ይነሣለታል፤ ጾም ምን እንደሆነ ለማስረዳት አፋር ቤት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሥጋው ላይም እንዲሁ ነው። ማን ባረከው የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ወገን የታወቀ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው ሰበብ እየፈጠሩ መሸሽ፣ ወይም በረመዳን ቀትር መንገድ ላይ እያኘኩ መሄድ ነው። ደግሞም ሳያስፈቅዱ ካሜራ መደገን። ሴትን ፎቶ አንሥቶ "ባህላቸውን ላስተዋውቅ ብዬ ነው" ያለ አንድ ተመዳቢ የእኛን መኪና ከዚያ ቀበሌ ለረጅም ጊዜ አስቀርቷታል።

የአፋር ሰው ስለ ደገኛ ያለው ሥዕልም ቢሆን ንጹሕ ነው አልልም። "ለአበል የመጣ" ይሉናል። ከእነሱ የተለየ ሃይማኖትና ቋንቋ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል፤ ጎንደሬውንም ወላይታውንም በአንድ ስም ይጠሩታል። ከተማ ውስጥ በነገር ሁሉ "ባለአገርና መጤ" እየተባለ የሚነሣው ክርክር አድካሚ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ብቻዋን ለመጣች ሴት ባለሙያ ደግሞ ቤት መከራየት ራሱ ፈተና ነው። ግጭትም አለ፤ የሰሜኑ ጦርነት አፋር ገብቶ ብዙ ሰው ማፈናቀሉን የምናውቅ እኛ ነን። ይህንን ደብቄ "ኑ፣ ገነት ነው" ብል የሚመጣው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል። እናንተም ብትሆኑ ሙሉ እውነቱን ብትነግሩት ይሻላል፦ የሚሄድበት ወረዳ የት እንደሆነ፣ መንገዱ ምን እንደሚመስል፣ መብራትና ኔትወርክ መኖር አለመኖሩን፣ በዚህ ወር ደኅንነቱ እንዴት እንደሆነ። አሁን የምትሰጡት መረጃ "አፋር" የሚል አንድ ቃል ነው። ከአብዓላ እስከ ገዋኔ ያለውን ሁሉ በዚያ ቃል ተጠቅልሎ ይረከባል፤ የቀረውን ከማኅበራዊ ሚዲያ ቀልድ ይሞላዋል። "የማያውቁት አገር አይናፍቅም" ይባል የለ፤ እሱስ በምን ይናፍቀው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው፤ ከመካከሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለበትም።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚቀለው ወሩን መቀየር ነው። አፋሮች ዓመቱን የሚቆጥሩት በዝናብና በሙቀት ነው። ሱጉም የበልጉ ዝናብ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሃጋይ የሚባለው ደረቁና እሳት የሚመስለው ወቅት ይመጣል፤ ቀጥሎ ከርማ፣ ክረምቱ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ጊላል፣ ቀዝቃዛው ጊዜ። እናንተ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ተመዳቢዎቻችሁን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ትልካላችሁ። አንድን ደገኛ ከአርባ ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ አውርዳችሁ ልመዱ ትሉታላችሁ። ሰውነቱ ሳይላመድ ያመዋል፣ ወባና ደንጊ ያገኙታል፣ መብራት በሌለበት ሌሊት ለእናቱ ደውሎ ያለቅሳል። በኅዳር ቢመጣ አራት ወር ያህል ደስ የሚል አየር አለው፤ ሰው ያውቃል፣ ቤት ያገኛል፣ ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ባለው ነፋስ ይራመዳል፤ ሃጋይ ሲገባ የሚይዘው ወዳጅ ይኖረዋል። የምደባ ደብዳቤው በሐምሌ ይጻፍ፤ "ሥራ የሚጀመረው ኅዳር 1 ቀን" የሚል አንድ መስመር ግን ይጨመርበት። እስከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት ሥልጠና ይውሰድ።

ሥልጠናውም ቋንቋ ይሁን። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋርኛ ከሌሎች ሦስት ቋንቋዎች ጋር ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን የቀረበውን ፖሊሲ አጽድቋል። ያን ውሳኔ በየቢሯችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁት አይቻለሁ፤ አፋርኛ የሚያስተምር አንድ ክፍል ግን አላየሁም። አፋርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ ማንበቡን አዲስ ተመራቂ በቀላሉ ይይዘዋል። ሰላምታውን፣ የወቅቶቹን ስም፣ የውሃና የከብት ቃላትን፣ "አይቻለሁ"ንና "ሰምቻለሁ"ን ለይቶ መናገርን ይማር። ቀሪውን እዚህ ያስተምሩታል፤ በመሳሳቱ እየሳቁበትም ቢሆን።

ርክክብም ይኑር። የሚሄደው ሰው የሚመጣውን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይዞት ይዙር። በየቀበሌው ይዞት ይውረድና "ይህ ከእኔ በኋላ የሚሠራው ነው፤ እኔ የገባሁት ቃል ይህ ነበር፤ ይህን ፈጽሜያለሁ፣ ይህን አልፈጸምሁም" ይበል። እንዲህ የተደረገበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ ጥበቃውንም ጥገናውንም የሚያካሂደው ሕዝቡ ነው፤ ፓምፑ ሲበላሽ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እነሱ ገንዘብ አዋጥተው ይጠብቁናል። ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው የተባለው ያው ሕዝብ ነው።

አበሉን አትቀንሱ፤ ይገባል። ነገር ግን ዛሬ ያለው አሠራር ቶሎ የሚሄደውንና የሚቆየውን እኩል ያያል። ለሚቆይ ሰው የትምህርት ዕድል፣ ዕድገት፣ ቤተሰቡን የሚያመጣበት ቤት ቅድሚያ ይሰጠው። በእኔ ደረጃ ካሉት ውስጥ እዚህ የቆየው ሰው በዕድገት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ዋናው መሥሪያ ቤት የተመለሰው አለቃው ሲሆን አይተናል። ከዚያ ወዲህ "ቆዩ" ብላችሁ ብትሰብኩ ማን ይሰማችኋል?

ደግሞም የአፋር ልጆች አሉ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ያስመርቃል፤ ከዚያ የሚወጡ የውሃ፣ የጤና፣ የሒሳብ ባለሙያዎች የእናንተን ማስታወቂያ አዲስ አበባ በሚለጠፍ ሰሌዳ ላይ መፈለግ የለባቸውም። እኛ መጤዎች የምናስፈልግበት ቦታ ገና ብዙ ነው፤ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ በአገሬው ልጅ መሞላት ሲችል ግን በቅጣት ከመጣ ሰው ይሻላል። በተገላቢጦሹም የአፋር ልጅ አርሲ ወይም ደብረ ብርሃን ሲመደብ ማንም "ቀዝቃዛ ቦታ ተላክህ" ብሎ የሚያጽናናው የለም፤ ጃኬት ገዝቶ ይሄዳል።

በመጨረሻም የማልሸሽገው አንድ ጥያቄ አለኝ። ክፍላችን ውስጥ የአንድ ጂኦፊዚክስ ባለሙያ ቦታ ክፍት ነው። በዚህ ወር ዝርዝር ስታወጡ የተጣላችሁትን ሰው አትላኩልን። ማስታወቂያ አውጡ፤ ሥራው የት እንደሆነና ምን እንደሆነ በግልጽ ጻፉበት፤ ወዶ የሚመጣ ካለ ይምጣ። ወዶ የሚመጣ ከጠፋ ቦታው እስከ ኅዳር ክፍት ይቆይልን፤ ሦስት ሰው የሚሠራውን እኔና ባልደረባዬ እስከዚያ እንሸፍነዋለን።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ
ሰመራ

ግልባጭ፦
ለክልሉ የሚመለከታቸው ቢሮዎች፤
ዘንድሮ ሰመራ ለተመደቡ ሠራተኞችና ተማሪዎች፤ ቀጭን ጨርቅና አጎበር ይዛችሁ ኑ፤ ሽርጡ እዚህ ይገዛል